«ስምዎ የለም» የተባሉት አጎቴ፤ የስም ዝርዝር በኮምፒዩተር እንዴት ይደረደራል?

አጎቴ የአገው ግምጃ ቤት ሰው ናቸው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ አንከሻ ውስጥ ያለችውን ይህችን ከተማ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንኳ የስሟ ትርጉም አይጠፋውም፤ ግምጃ ቤት ማለት ንብረት ተቆጥሮ የሚገባበት፣ ተቆጥሮም የሚወጣበት ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መናገሩ ለዛሬው ጉዳያችን ስለማይጠቅም ይለፈን። የተመዘገቡ ባለጉዳዮች ስም ከኮምፒዩተር ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከጎኑ ደግሞ ስሙን ያላገኘ ሰው እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ቅሬታ ካላቀረበ እንዳልተመዘገበ እንደሚቆጠር የሚገልጽ ማስታወቂያ አለ።

መነጽሬን አድርጌ ዘጠኙን ወረቀት አንድ በአንድ አየሁ። የአጎቴ ስም የለም። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣትም ወረቀቶቹን አገላብጦ «አባባ፣ ስምዎ የለም» አላቸው። አጎቴ የምዝገባ ደረሰኛቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ታዲያ ይህን የሰጠኝ ማነው ልጄ?» አሉት። ወጣቱ በደረሰኙ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ ፈለገ። አጎቴ አሉ፤ በትክክል ተመዝግበዋል። ወረቀቱ ላይ ግን የሉም። «እንግዲህ ሲስተሙ ነው» አለን።

«ሲስተሙ ነው» የሚለው መልስ ለአንድ የሕግ ምሩቅ አጥጋቢ አይደለም። ተመልሼ ወረቀቶቹን ሳጠና አንድ ነገር አየሁ። የአጎቴ ሞክሼ የሆነ ሌላ ሰው በሦስተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ ተጽፏል፤ ያው ሰው፣ በዚያው የደረሰኝ ቁጥር፣ በአራተኛው ወረቀት አናት ላይም ተጽፏል። ስምንቱ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው 50 ስም፣ ዘጠነኛው 12 ስም ይዘዋል፤ በድምሩ 412። በመዝገቡ የሰፈረውም 412 ሰው ነው። ቆጠራው ልክ በመሆኑ ማንም አልጠረጠረም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጽፎ አንድ ሰው ወድቋል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ድረ ገጾችን የሚሠሩ ባለሙያዎች በየዕለቱ በሚጽፉት አንድ አጭር ትዕዛዝ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ትዕዛዝ፣ ማለትም ከመረጃ ቋት የወጣን ዝርዝር ከአንድ በላይ በሆኑ ዓምዶች ስለመደርደር ነው። ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ቅደም ተከተል መብት የሚሰጥበት ጊዜ አለና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ብዙ መያዣዎች ሲኖሩ የባለገንዘቦቹ ቅድሚያ የሚለካው በተመዘገቡበት ቀን ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ተካትቶበት ተገኝቷል ተብሎ መሰረዙም ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ዝርዝር ምን ያህል ክብደት እንዳለው አሳይቶናል።

ሠንጠረዥ በራሱ ተራ የለውም

የመረጃ ቋት ማለት በሠንጠረዥ የተቀመጠ መረጃ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው ረድፍ አንድን ሰው ወይም አንድን ጉዳይ ይወክላል፤ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ደግሞ አንድ ዓይነት መረጃ፣ ለምሳሌ ስምን ወይም ቀንን ይይዛል። የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ ሠንጠረዥ ስብስብ ነው፤ ስብስብ ደግሞ ፊተኛና ኋለኛ የለውም። በማዳበሪያ ውስጥ ያለ ጤፍ የትኛው ቅንጣት መጀመሪያ እንደገባ አይነግረንም።

በ1974 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይሞንድ ቦይስ ይፋ ያደረጉትና ኋላ ኤስኪውኤል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ይህንኑ ተከትሏል። ጠያቂው ተራውን ካልተናገረ ቋቱ በፈለገው ተራ ይመልሳል። ዛሬ በምዝገባ ቅደም ተከተል ቢመጣ ነገም እንዲያ እንደሚመጣ ማንም ዋስትና አልሰጠም። ባለሙያው ሲሞክረው በትክክል ተደርድሮ የታየው ዝርዝር፣ መረጃው ሲበዛ ወይም ሲታደስ ተራው ሊዛነፍ ይችላል።

ተራን የሚናገረው ትዕዛዝ «ኦርደር ባይ» ይባላል። ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ ቢሆንም እዚህ በእኛው ፊደል እናስቀምጠዋለን፡-

ኦርደር ባይ ስም፣ የአባት_ስም፣ የአያት_ስም

ትርጉሙ ቀላል ነው። በመጀመሪያ በስም ደርድር። ስማቸው አንድ የሆኑትን በአባት ስም ደርድር። የአባታቸውም ስም አንድ ከሆነ በአያት ስም ደርድር።

ሁለተኛው ዓምድ የሚሠራው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ዝርዝሩን እንደገና አይደረድረውም፤ የሚሠራው በመጀመሪያው ዓምድ እኩል በሆኑት መካከል ብቻ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ፣ በሁለቱም እኩል በሆኑት መካከል። ለምሳሌነት ያህል አራት የተለመዱ ስሞችን እንውሰድ፡-

ከበደ አየለ ታደሰ
አበበ ከበደ ወልዴ
አበበ አየለ ታደሰ
አበበ ከበደ መኮንን

ከላይ ባለው ትዕዛዝ መሠረት ሲደረደሩ እንዲህ ይሆናሉ፡-

አበበ አየለ ታደሰ
አበበ ከበደ መኮንን
አበበ ከበደ ወልዴ
ከበደ አየለ ታደሰ

ሦስቱ አበበዎች በአንድ ቦታ ተሰበሰቡ፤ የአባታቸው ስም ከበደ የሆነው ሁለቱ ደግሞ በአያታቸው ተለዩ። አሁን የዓምዶቹን ተራ ገልብጠን በአያት፣ ቀጥሎ በአባት፣ በመጨረሻ በራስ ስም እንደርድር፡-

አበበ ከበደ መኮንን
አበበ አየለ ታደሰ
ከበደ አየለ ታደሰ
አበበ ከበደ ወልዴ

ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ዝርዝሩ ግን ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። አበበ አየለ ታደሰና ከበደ አየለ ታደሰ ጎን ለጎን መጡ። ምናልባት ወንድማማቾች ናቸው። እንግዲህ የዓምዶቹ ተራ ዝርዝሩ ለምን እንደተፈለገ ይወስናል። አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ለማግኘት የመጀመሪያው አደራደር ይሻላል። የውርስ ክርክር ለሚያይ ወይም የአንድን ቤተሰብ ይዞታ አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለተኛው።

አቅጣጫም አለ። ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄድ የተለመደው ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ እንዲሆን የሚያዝዘው ቃል ግን የሚገዛው አብሮት የተጻፈውን አንድ ዓምድ ብቻ ነው። በሦስት ዓምዶች መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ቢጻፍ ሦስተኛው ብቻ ይገለበጣል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ እንዳሉ ይቀራሉ። የቅርብ ጊዜ ውሳኔ ከላይ እንዲመጣ፣ በአንድ ቀን የተሰጡት ደግሞ በተከራካሪው ስም እንዲደረደሩ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ቃሉን ከቀኑ ዓምድ ጎን ብቻ ማስጻፍ አለበት።

ስማችን ስንት ዓምድ ነው?

ከውጭ ተገዝተው ወይም ተቀድተው የሚመጡ ፕሮግራሞች ለስም ሁለት ዓምድ ያዘጋጃሉ፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። ዝርዝሩም በቤተሰብ ስም ይደረደራል። በእኛ አገር ይህ አይሠራም። የሚገርመው ሕጋችን በአንድ ወቅት እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የራስ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል፤ በአስተዳደር ሰነዶች ላይም የቤተሰብ ስሙ ቀድሞ እንዲጻፍ ያዝዛል። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕዝቡ ግን ዛሬም ስሙን፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም በዚያው ቅደም ተከተል ይጽፋል። ሕግ ያልለወጠውን ልማድ ከውጭ የተቀዳ ፕሮግራም ሊለውጠው አይገባም።

ምሁራኑም ቢሆኑ ይህን ተቀብለዋል። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የኢትዮጵያውያንን ስም የሚደረድረው በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም። ስለዚህ ሦስት ዓምድ፣ በሦስት ስም፣ ከራስ ስም ጀምሮ። ሦስቱን ስም በአንድ ዓምድ አጨናንቆ መጻፍም አይመከርም፤ በመካከል የገባ አንድ ትርፍ ክፍት ቦታ ወይም ከስሙ በፊት የተጻፈ «አቶ» ወይም «ቄስ» የሰውዬውን ተራ ወደማይታሰብ ቦታ ይወስደዋል። ማዕረግ የራሱ ዓምድ ሊኖረው ይገባል።

የአያት ስም ያልተሞላለት ሰውስ? ባዶ ቦታ በየቋቱ በተለያየ መንገድ ይስተናገዳል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር ማይኤስኪውኤል ባዶውን መጀመሪያ ላይ ያመጣዋል፤ ፖስትግሬኤስኪውኤል ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። መሥሪያ ቤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ከላይ የነበሩ ሰዎች ከታች ቢገኙ ሊደንቅ አይገባም። የሚፈለገውን በግልጽ ማዘዝ ነው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ

ፊደላችን ሁለት ዓይነት ተራ አለው፤ ሀለሐመ እና አበገደ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ አበገደን ይከተላል። ኮምፒዩተር ግን ሀለሐመን መርጧል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትም ሲሆን ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው ቁጥርም የሀለሐመን ተራ ይከተላል። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ እነርሱን ደርድር የተባለ ኮምፒዩተር የሚያወጣው ተራ ለእኛ ትርጉም አይሰጥም። አሮጌ ፋይል ወደ አዲስ ቋት ሲገባ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ዩኒኮድ ቢሆንም ችግሩ አያልቅም። በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት በተራው ውስጥ ተራርቀው ይገኛሉ። ሀ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሐ ከለ ቀጥሎ ይመጣል፤ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ነው። ሀይሌ፣ ሐይሌ እና ኃይሌ ተብለው የተጻፉ ሦስት ሰዎች በአንድ ዝርዝር ሦስት ቦታ ይበተናሉ። አለሙ በአልፋው አ ሲጻፍ ከከበደ ይቀድማል፤ ዓለሙ በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ግን ከከበደም ከወርቁም ኋላ ይሆናል። መዝጋቢው ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ፊደል ቢጽፍ ወንድምና እህት በተለያየ ገጽ ላይ ይወድቃሉ። የቋቱን የቋንቋ ምርጫ አማርኛ ብናደርገውም እነዚህን ፊደላት አንድ አያደርግልንም።

መፍትሔው የሰውን ስም ማስተካከል አይደለም። ስም የባለቤቱ ነው፤ በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ መቀመጥ አለበት። ማድረግ የሚቻለው ከስሙ ጎን ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል፣ ለአንባቢ የማይታይ ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም እንዲሁ አንድ ይደረጋሉ። ለአባትና ለአያት ስምም ተመሳሳይ ዓምድ ይዘጋጃል። ከዚያ ትዕዛዙ እንዲህ ይሆናል፡-

ኦርደር ባይ መለያ_ስም፣ መለያ_አባት፣ መለያ_አያት

ለአንባቢ የሚታየው ግን የመጀመሪያው፣ ባለቤቱ የሚጽፈው ስም ነው። ሰውን ፍለጋም በዚሁ የተደበቀ ዓምድ ቢሆን ኃይሌን በየትኛውም ሀ የጻፈ ሰው ያገኘዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ይህ የአማርኛ ሕግ ነው። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅ የተለያዩ ስለሆኑ ማዋሐዱ ስህተት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወደ ግምጃ ቤት ስንመለስ፣ የአካባቢው ቋንቋ አውጚ በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለውና ለዚያ ጘ የተባለውን ፊደል ይጠቀማል። በዩኒኮድ ጘ ከገ ቀጥሎ፣ ከጠ በፊት የራሱ ቦታ አለው። «ይህ ገ መሆን አለበት» ብሎ የሚያርም ፕሮግራም የቋንቋውን ፊደል ያጠፋል።

ቁጥር እንደ ቃል ሲቀመጥ

የሕግ ባለሙያዎች አዋጅን የምንጠራው በቁጥርና በዓመት ነው። 25/1988፣ 414/1996፣ 456/1997፣ 1113/2011፣ 1234/2013። እነዚህ በአንድ ዓምድ እንደ ቃል ከተቀመጡ ኮምፒዩተሩ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ፊደል እያነጻጸረ ይደረድራቸዋል። ውጤቱ ይህ ነው፡- 1113/2011፣ 1234/2013፣ 25/1988፣ 414/1996፣ 456/1997። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ እርሱ ከተካው የ1988ቱ አዋጅ ቀድሞ ተቀመጠ። ምክንያቱ 1 ከ2 ስለሚቀድም ብቻ ነው።

መፍትሔው አሁንም ብዙ ዓምድ ነው። ቁጥሩ ለብቻው፣ ዓመቱ ለብቻው፣ ሁለቱም እንደ ቁጥር ይቀመጡ፤ ከዚያ በዓመት፣ ቀጥሎ በቁጥር ይደርደሩ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥርም፣ የቀበሌ የቤት ቁጥርም በዚሁ መንገድ ይታያል። የቤት ቁጥር 10 ከቤት ቁጥር 9 ቀድሞ የተጻፈበት ዝርዝር ያየ አንባቢ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥቅምት 30 የሌለበት ቋት

ቀንም እንዲሁ ነው። 01/12/2001 ተብሎ እንደ ቃል የተጻፈ ቀን ከ30/01/2000 ይቀድማል፤ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ያየው ዕለቱን ነውና። የወር ስም በፊደል ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። «እንግዲያው የቋቱን የቀን ዓምድ እንጠቀም» የሚል ባለሙያ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ያ ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆችን የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት 30 ቀን አለው፤ የእነርሱ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ የለውም። ስለዚህ ጥቅምት 30 ቀን የተመዘገበ ሰው ቀኑ አልገባ ይላል፤ ጳጉሜን የተመዘገበውማ ወሩም አይታወቅለትም።

የሚሠሩ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት የቁጥር ዓምዶች ሆነው ተቀምጠው በዚያው ተራ መደርደር ነው። ሁለተኛው ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለውጦ ማስቀመጥና ለአንባቢ ሲታይ ወደ እኛው መመለስ ነው። በቀናት መካከል ያለውን ልዩነት ማስላት የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት፣ ለምሳሌ የይግባኝ ጊዜ የሚቆጥር፣ ሁለተኛው ይሻለዋል። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ዓምድ ማደባለቅ ግን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት መጋበዝ ነው።

አጎቴ የት ገቡ?

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። ዘጠኙ ወረቀቶች የታተሙት በአንድ ጊዜ አይደለም። ድረ ገጽ ረጅም ዝርዝርን በየገጹ ይከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱ ገጽም አዲስ ጥያቄ ወደ ቋቱ ይልካል። «ደርድረህ የመጀመሪያዎቹን 50 ስጠኝ»፤ ቀጥሎ «ደርድረህ 50 ዝለልና ሌላ 50 ስጠኝ»። ቋቱ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ እንደገና ይደረድራል።

ዝርዝሩ የተደረደረው በራስ ስም ብቻ ነበር። የአጎቴ ስም በአገሩ የተለመደ ስለሆነ በዚያ ስም የሚጠሩ በርካታ ሰዎች በሦስተኛውና በአራተኛው ገጽ ድንበር ላይ ወድቀዋል። ለቋቱ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው፤ ማን ይቅደም ስላልተባለ በሦስተኛው ገጽ ጥያቄ በአንድ ተራ፣ በአራተኛው ገጽ ጥያቄ በሌላ ተራ አመጣቸው። በመጀመሪያው አደራደር አጎቴ ከድንበሩ በታች ነበሩ፤ በሁለተኛው ከድንበሩ በላይ ሆኑ። ስለዚህ ከሁለቱም ገጽ ቀሩ። ሞክሼያቸው ደግሞ በተቃራኒው ሁለቱም ገጽ ላይ ተገኘ። ቋቱ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

የአባትና የአያት ስም ቢጨመርበት አደጋው ይቀንስ ነበር፤ ግን ፈጽሞ አይጠፋም። እስከ አያት ሞክሼ የሆኑ ሰዎች አሉና። ስለዚህ የመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ላይ ሊደገም የማይችል ነገር፣ ማለትም የመዝገብ ወይም የደረሰኝ ቁጥር መሆን አለበት፡-

ኦርደር ባይ መለያ_ስም፣ መለያ_አባት፣ መለያ_አያት፣ መዝገብ_ቁጥር

ይህ የመጨረሻ ዓምድ ለዓይን ምንም የሚለውጥ አይመስልም፤ ግን እኩል የሚባል ረድፍ እንዳይኖር ያደርጋል። እኩል ከሌለ ቋቱ የሚመርጠው አይኖርም፤ በስንት ገጽ ቢከፋፈል አንድ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ይኖረዋል። ለዓምዶቹ በዚሁ ተራ የተዘጋጀ ማውጫ በቋቱ ውስጥ ቢሠራላቸው ደግሞ አደራደሩ ይፈጥናል። ማውጫው እንደ ስልክ ደብተር ነው፤ በስም ለሚጀምር ፈላጊ ይጠቅማል፣ በአያት ስም ብቻ ለሚፈልግ ግን አይረዳም።

አንባቢው ራሱ ሲደረድር

ብዙ ድረ ገጾች የዓምዱን ርዕስ የነካ አንባቢ ዝርዝሩን እንደፈለገው እንዲደረድር ይፈቅዳሉ። ጥሩ ነው፤ ግን በር ይከፍታል። አንባቢው የነካው የዓምድ ስም በአድራሻው ላይ ተጽፎ ወደ ስክሪፕቱ ይሄዳል። ስክሪፕቱ ያንን ቃል ሳይመረምር በትዕዛዙ ውስጥ ከሰካው፣ ክፉ ሰው በዓምድ ስም ፋንታ የራሱን ትዕዛዝ ሊጽፍበት ይችላል።

ባለሙያዎች ከእንዲህ ያለ ጥቃት የሚከላከሉት ከውጭ የመጣን ዋጋ ከትዕዛዙ ለይተው በመላክ ነው። ይህ ዘዴ ለዋጋ እንጂ ለዓምድ ስም አይሠራም፤ በዚያ መንገድ የተላከ የዓምድ ስም እንደ ተራ ቃል ስለሚቆጠር ዝርዝሩ ሳይደረደር ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ የተፈቀዱ ዓምዶችን ዝርዝር በስክሪፕቱ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ነው። አንባቢው «ስም» ካለ ከላይ ያየነው ባለ አራት ዓምድ ትዕዛዝ፣ «ቀን» ካለ የዓመት፣ የወር፣ የቀንና የመዝገብ ቁጥር ትዕዛዝ ይመረጥለታል፤ ከተፈቀደው ውጭ ያለ ቃል ከመጣ የተለመደው ተራ ይሰጠዋል። አቅጣጫውም ከሁለቱ ከአንዱ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ርክክብ ላይ የሚጠየቁ

ሥርዓት የሚያሠራ ኃላፊ ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። በቢጋሩ ላይ ሊያስገባቸውና ርክክብ ላይ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ። እያንዳንዱ ለሕዝብ የሚወጣ ዝርዝር በየትኞቹ ዓምዶች፣ በምን ተራ እንደሚደረደር በጽሑፍ ይቀመጥ። የመጨረሻው ዓምድ የማይደገም ቁጥር መሆኑ ይረጋገጥ። ኃይሌን በሦስቱም ሀ መዝግቦ አንድ ቦታ ይመጣ እንደሆነ ይታይ። ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 5 ቀን ይመዝገብ። ሃምሳ ሞክሼዎች ገብተው በየገጹ ይታተሙና የሁሉም ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ መውጣቱ ይመርመር። ድምሩን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ በእኛ ጉዳይ ድምሩ ልክ ነበርና።

አጎቴን በተመለከተ፣ ቅሬታችንን በጽሑፍ አቀረብን፤ የቅሬታው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ስማቸው በእስክሪፕቶ በአራተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ ተጨመረ። ሁለት ጊዜ የተጻፈው ሞክሼያቸው ግን አልተሰረዘም። አጎቴ ወረቀቱን ቆመው ካዩ በኋላ «እኔ ደረሰኝም፣ የሚያነብልኝም ሰው ነበረኝ፤ ሌላው ሰው ቢሆንስ?» አሉኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።